ጌጤ አሥር ያለችበት ቀን

ኦቾሎ፣ ኅዳር 12 ቀን 1991 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ሲስተር ዕድላዊት፣

ሰላምታዬን አሳጥሬ ወደ ጉዳዩ ልግባ፤ ካረዘምኩት እንደ ሌላው ጊዜ ልቤ ይከዳኛል። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ አርባ ምንጭ ወርጄ፣ ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣው የከተማ ሚኒባስ ውስጥ የክሊኒኩን ሾፌር አጵሎስን አገኘሁት። «ሲስተር ደህና ናት?» ብዬ ብጠይቀው ሳቀብኝ።

«የቷ ሲስተር? ነጩን ጋውን ካወለቀች ዓመት አለፋት። ሶዶ፣ አክስቷ ሱቅ ጨርቅ እየለካች ትሸጣለች።»

«ምነው? ምን ሆና?»

«ኧረ አንተ ሰውዬ! በሚስትህ ነዋ። ‹ወረቀት አምኜ ሰው ገደልኩ› እያለች፤ ስንት ጊዜ ለመንናት፣ እምቢ አለች።»

ሴቻ ወርጄ ለምን እንደ መጣሁ ጠፋኝ። እዚያው ቆሜ ቆይቼ በመጣሁበት መኪና ተመለስኩ።

ስሚኝ እህቴ። ጌጤን የገደልሻት አንቺ አይደለሽም። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ቃል የእኔ እንጂ የሚስቴ አልነበረም።

መስከረም 1988 የልብ ሕሙማንን በየወሩ መከታተል ስትጀምሪ ታስታውሻለሽ? በጨርቅ ከረጢት አሥር ፍሬ ቦሎቄ ይዘሽ መጣሽ። «አሥሩ ሙሉ ጤና ነው በልልኝ፤ ዛሬ የእሷ ስንት ነው?» አልሽኝ። ጌጤ አማርኛ አታውቅም። እኔ ሸማኔ ብሆንም ስድስተኛ ክፍል ደርሻለሁና አስተርጓሚ ሆንኩ። ጌጤ ሰምታኝ በሳቅ ፈረሰች። «በሽታዬን በቦሎቄ ልትገዛኝ ነው?» ነበር ያለችው። አንቺ ምን አለች ስትይኝ «ደስ ብሏት ነው» አልኩሽ። የመጀመሪያው ውሸቴ ያ ነበር፤ ሁለታችንንም አሳቀን።

ያን ቀን ሰባት ፍሬ ቆጥራ አስቀመጠች። ጥቅምትም ሰባት፣ ኅዳርም ሰባት፣ እንዲሁ እያለ የካቲት ደረሰ፤ ያው ሰባት። አንቺ የማታውቂው፣ ከዚህ እንዳትወርድብኝ ብዬ ለቅዱስ ሚካኤል ጃንጥላ ተስዬ ነበር። በየወሩ ሰባት ስትል ጸሎቴ የተሰማ መሰለኝ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ለጠየቀኝ ሁሉ «ተመስገን፣ ባለችበት ናት» እል ነበር።

ከዚያ መጋቢት 18 መጣ። ክኒኑ የእግሯን እብጠት ስላጎደለው ለሚያያት ደህና ትመስላለች። ፊቷ ግን መንምኗል። አንቺ ትኩር ብለሽ አየሻት።

«ከስታለች፣ ጋሼ ኦይታ።»

«ጾም ነው፤ ሁዳዴ አይደለም እንዴ?»

«እንጃ፣ ዓይኔ ሌላ ነው የሚለኝ። ዛሬ በሌላ መንገድ ልጠይቃት።»

መጀመሪያ የዛሬውን ጠየቅሻት፤ ሰባት አለች። ከዚያ ፍሬዎቹን ሰብስበሽ መልሰሽ እጇ ላይ አደረግሽና «አሁን ሆና ወደ ኋላ ስታየው፣ በመስከረም ስንት ነበረች? ያኔ ያለችውን አይደለም፤ ዛሬ የሚታያትን ነው» አልሽኝ። እኔም አንድ ቃል ሳላጎድል ነገርኳት።

ጌጤ ትንሽ አሰበች። ከዚያ አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። አሥሩንም። ከጨረሰች በኋላም ሌላ ፍሬ የቀረ ይመስል ባዶ መዳፏን ትመለከት ነበር።

አንቺ ብዕርሽን አንስተሽ «አሥር ነው የምትለው?» አልሽ።

እኔ ደነገጥኩ። በመስከረም ሰባት ብላ ተጽፏል፤ ዛሬ አሥር ነበርኩ ስትል ቃሏን የምታጥፍ ሴት ልትመስል ነው ብዬ አፈርኩ። እጄን ዘርግቼ ሦስቱን ፍሬ ከፊቷ አነሳሁ። «ጥያቄው አልገባትም ሲስተር። ሙሉ ጤና ስንት ነው ያልሻት መስሏት ነው። ሰባት ናት» አልኩሽ።

አንቺም አመንሽኝ። ለምን አታምኚኝ፣ ባሏ ነኝ።

ጌጤ እጄን አይታለች። ሰው ፊት ግን ባሏን አላሳፈረችም። ዳገቱን ስንወጣ ነው፣ እኩሌታው ላይ ሳንደርስ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የጠየቀችኝ።

«ሦስቱን ለምን አነሳህብኝ?»

«መስከረም ላይ ሰባት ብለሽ የለ? ሁለት ቃል ይሆናላ! ሰው ምን ይላል?»

ልትስቅ ፈልጋ ትንፋሽ አጠራት። ቆይታ፣ «ያኔ እኮ የታመምኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ደህና ነበርኩ። ይህን ዳገት እንጨት አዝዬ እወጣው አልነበር?» አለች።

«የዛሬውስ ሰባት?»

«የዛሬውማ፣ ተቀምጬ ከተነፈስኩ ሰባት ነው። ከዚህ በላይ መመኘት ትቻለሁ።»

እዚህ ላይ ገባኝ ሲስተር። በዚያች ደቂቃ ሁሉም ነገር ገባኝ፤ ሰባቷ ያው ብትሆንም ጤናዋ ወርዷል። የክሊኒኩ ቆርቆሮ ከታች ይታያል፤ መኪናችሁም ገና ቆሟል። ጌጤ «ውረድና ንገራት፤ እኔ እዚሁ እጠብቅሃለሁ» አለችኝ። ቁልቁለት ነው፤ ሩብ ሰዓትም አይፈጅ። እኔ ግን «ዋሽቼሽ ነው ብዬ በምን ፊቴ? በሚቀጥለው ወር እንነግራታለን» አልኳት።

እሷም «እንዳልክ» ብላ እጇን ሰጠችኝ፤ ደግፌ አስነሳኋት።

በሃያ ስድስተኛው ቀን፣ በዳግም ትንሣኤ ማግስት፣ ቁጭ እንዳለች ሞተች።

ለቅሶ መጥተሽ ከሴቶቹ መሃል ስትንሰቀሰቂ ሰምቻለሁ። «ሦስት እንኳ ቢወርድ አርባ ምንጭ ሆስፒታል ይዣት እሄድ ነበር፤ መኪናው የሚጭነው ሦስት የወረደባቸውን ነው። መስከረም ሰባት፣ መጋቢት ሰባት! ምን ላድርግ ጋሼ?» አልሽኝ። ሦስቱን ፍሬ ያነሳው እጄ ጋቢዬ ውስጥ ነበር። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አልኩሽ። የአምላኬን ስም መደበቂያ አደረግኩት።

ሆስፒታል ብትደርስ ትድን እንደ ነበር አላውቅም፤ ማንም አያውቅም። እኔን የሚያሳድደኝ ይህ አይደለም። ሸማ ስሠራ መወርወሪያው እጄ ላይ ይቆምብኛል፤ ያቺ የተዘረጋች መዳፍ ትታየኛለች። ሳስቀድስ፣ «ተመስገን» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ እዘለዋለሁ። ያፈርኩት ለቃሏ ነበር ወይስ ለራሴ ጸሎት? ለቃሏ ነው ብዬ ብዙ ጊዜ ራሴን አጽናንቻለሁ። እውነቱን ስመረምረው ግን ሰባቷ እንዳትፈርስብኝ ነው። አሥር ከነበረች ወርዳለች፣ ስለቴም አልተሰማም ማለት ነው፤ እሱን መስማት አልፈለግኩም።

ያገራችን ሽማግሌዎች የተደበቀ በደልን ጎሜ ይሉታል፤ አፍ አውጥተው ካልተናገሩት ከቤት አይወጣም፣ ያልበደለውንም ይይዛል ይላሉ። ይኸው አንቺን ይዟል። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ቀኖና ከመስጠታቸው በፊት «ልጅቷ ታውቃለች ወይ?» አሉኝ። አታውቅም ስላቸው «እንግዲያ ምን ልትሆን እኔ ጋ መጣህ?» ብለው መስቀሉን ሳያሳልሙኝ ሰደዱኝ።

ጥያቄሽ ልክ ነበር። ከሦስታችን ወዲያው የገባት ጌጤ ነበረች፤ ትክክለኛውንም መልሳልሽ ነበር። እባክሽ ጥያቄውን አትጣይው። የሚያስተረጉምልሽ ብቻ የታማሚዋ ባል አይሁን፤ ወንድምም አይሁን። የሚወዳት ሰው አይሁን።

ማክሰኞ ወደ ክሊኒኩ ወርጄ ለኃላፊው ሁሉንም ተናግሬያለሁ፤ አስጽፎኝ ፈርሜበታለሁ። ለአንቺ ግን በወረቀት ብቻ አይበቃም። ሰው ምን ይላል ብዬ ያጠፋሁትን ሰው ባለበት መናገር አለብኝ። የፊታችን ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን፣ ሶዶ እመጣለሁ። አክስትሽም ይስሙ፣ ጨርቅ ሊገዛ የቆመውም ይስማ። ተናግሬ ስጨርስ ብታባርሪኝ እሄዳለሁ። ሳልናገር ግን ከደጃፍሽ አልነቃነቅም።

በደለኛሽ፣
ኦይታ ካሱ