የላክሽው የፀሐይ ቅባት

ድምቡሼ ልጄ፣ በሄድሽበት ሁሉ ክፉ አይንካሽ፤ ሠርቶ የሚያኖርሽ እጅሽ ይባረክ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ አልፎ አልፎ ይለግማል።

ለበጋው ብለሽ የላክሽው ዕቃ ደርሶናል። ቫይታሚኑን ከቁርስ በኋላ እውጣለሁ። የእግሩን ክሬም ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ አካፈልኳት፤ «ተረከዜ የሙሽራ ሆነ» እያለች ታስቀኛለች። የፀሐይ ቅባቱ ግን የአባትሽ ነው። ዕድሜ ልኩን ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ ሲመታ ፀሐይ የበላው አንገቱ፣ አሁንም በረንዳ ላይ ሲቀመጥ ያቃጥለዋል።

በስልክ መናገሩ ከብዶኝ እንጂ መርሳቱ ብሶበታል። ትናንት ጠዋት አንገቱን ስቀባው ዞር ብሎ አየኝና «እግዜር ይስጥልኝ እመቤቴ፤ ቤትዎ ሩቅ ነው?» አለኝ።

ሚስትህ ነኝ ማለት አቃተኝ። «እዚሁ ቅርብ ነው። ቅባቱን የላከችው ልጅዎ ናት» አልኩት።

ፊቱ በራ። «ድምቡሼ? መቼ ነው የምትመጣው?»

ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ልጄ፣ ከእንግዲህ ዕቃ አትላኪ። እኔን ረስቶኛል፤ አንቺን ግን ገና አልረሳሽም። እንደምንም ፈቃድ ጠይቀሽ፣ ስምሽ ሳይጠፋው ድረሽልኝ። አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

እናትሽ