ያልነበረ መከለያ በስሜ ስለመሣሉ

ለማተሚያ ድርጅቱ የሠራተኞች ቅሬታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ መጋቢት 2

ጉዳዩ፦ ሳላውቅ የተለወጠ ሥዕሌን ማስረጃ በማድረግ በአባቴ ላይ የተሰጠው ውሳኔ እንዲሻር ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

ታኅሣሥ 27 ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ የአደጋ አጣሪ ኮሚቴው ሰብሳቢ ከወንበራቸው ተነሥተው የስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሥዕል በእስክሪብቶ ጫፍ ነኩ። «የቢላው መከለያ ይኸው፣ ጥቅምት ላይ በቦታው ነበር። የሣለችውም የገዛ ልጅዎ ነች» አሉ። አባቴ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ጉልበቱ ላይ እንዳስቀመጠ ዞር ብሎ አየኝ። ከሥዕሉ ስር ያለው ፊርማ የእኔ ነው። መከለያው ግን የእኔ አይደለም።

1. አባቴ በድርጅቱ የወረቀት መቁረጫ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ታኅሣሥ 9 ቀን የመቁረጫ ማሽኑ ቢላ ከቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ወሰደበት። ኮሚቴው «መከለያውን በራሱ ፈቃድ ፈትቶ ሲሠራ በቸልተኝነት የተጎዳ» ብሎ ወስኖበት ከሥራ ተሰናብቷል።

2. እኔ በሥነ ጥበብ የተመረቅሁ፣ በዲጂታል ሥዕል የምተዳደር ሠዓሊ ነኝ። ባለፈው ጥቅምት የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ለሥራ ደኅንነት ሳምንት የሚሆን ሥዕል እንድሠራ ጠራኝ። «እንደ ልብሽ ሣዪ» ተባልኩ፤ ቃሉን አመንኩ። ሦስት ቀን ሙሉ መቁረጫ ክፍሉ ውስጥ የወረቀት እሽግ ላይ ተቀምጬ፣ ታብሌቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሠራሁ። በሸራና በቀለም ቢሆን ኖሮ አንድ ጊዜ ሥዬ በቃኝ እል ነበር። በታብሌቱ ግን አርባ ጊዜ ሣልኩ፣ አርባ ጊዜ አጠፋሁ፤ ቢላው ሲወርድ የአባቴ ትከሻ ቅንጣት ታህል ወደ ኋላ ሸሸት እንደሚል እስክይዝ ድረስ። ያን ነጻነት የሰጠኝን መሣሪያ አሁንም አልረግመውም።

መከለያ አልነበረም። ወፍራም የወረቀት ክምር አላስገባ ስላለ ከዚያ ስምንት ወር ቀደም ብሎ ተፈትቶ በሩ ጀርባ ቆሞ ነበር፤ ሠራተኞቹ ካፖርት ይሰቅሉበት ነበር። የሣልኩትም ይህንኑ ነው፦ ከፊት ባዶ ቢላ፣ ከኋላ ካፖርት የተሰቀለበት መከለያ። የሥራ ደኅንነት ሥዕል የተባልኩት ለዚህ መስሎኝ ነበር።

3. መሣሪያው የሥዕሉን ክፍሎች እንደ ተደራረበ መስታወት ለየብቻ ያስቀምጣል፤ ሌየር እንላቸዋለን። ሥዕሉ ሲያልቅ ሌየሮቹን አንድ ላይ አጣብቆ መላክ የሙያው ደንብ ነው። እኔ ግን በሥዕሉ ላይ የሚያስገቡትን ጽሑፍ እንደሚመቻቸው ያንቀሳቅሱት ብዬ ክፍቱን ላክሁት። ሸሚዙ ተጨማድዶ ስለማያውቅ ባልደረቦቹ ካውያው የሚሉት የገጽ ቅንብር ሠራተኛ የካፖርቱን ሌየር አጠፋ፤ ቢላው ላይ መከለያ ሣለበት። ሄጄ ስጠይቀው አልካደም። «አለቃ ‹ይሄ ሥዕል ያሰድበናል› አሉኝ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም። አንቺ ብትሆኚ እምቢ ትያለሽ?» አለኝ። እላለሁ አልኩት። «እሱማ ሳይጠየቁ ቀላል ነው» ብሎ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ይህን ቃሉን በኮሚቴው ፊት አልደገመውም።

ሥዕሉ ላይ መከለያ ለመግጠም ሃያ ደቂቃ ተገኘ። ማሽኑ ላይ አራት ብሎን ለማሰር ስምንት ወር አልበቃም።

4. ስለ ራሴም መደበቅ አልፈልግም። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ሥዕሉ ታትሞ አንዱ በአዳራሹ፣ ሌላው በመቁረጫ ክፍሉ በር ላይ ሲለጠፍ ከሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ፎቶውን በስልኬ ላኩልኝ። ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ሁለት ጣት ዘርግቼ አላጎላሁትም። «ደስ ይላል፣ አመሰግናለሁ» ብዬ መለስኩ። ይህች መልስ ዛሬ «ሠዓሊዋ ያጸደቀችው» ተብላ ከመዝገቡ ጋር ተያይዛለች። እንደ ልቧ የምትሥል ሰው በስሟ የወጣውን የማየት ግዴታ አለባት፤ እኔ አላየሁም። ይህን ማንም እንዲያቀልልኝ አልለምንም።

5. ቀንና ሰዓቱ ያለበትን የመጀመሪያውን ፋይል ለኮሚቴው አቅርቤያለሁ። «የኮምፒውተር ፋይል ማንም ሊለውጠው ስለሚችል በማስረጃነት አይያዝም» ተባልኩ። የተለወጠው ግን ስለታተመ ተያዘ። ከአደጋው ማግስት መከለያው ማሽኑ ላይ ተገጥሟል፤ ኮሚቴው ሄዶ ያየውም ያንኑ ነው። የአባቴ ባልደረቦች አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ልጆች አሏቸውና አልፈርድባቸውም። ከዚህ በፊት ሁለት አቤቱታ አስገብቻለሁ። አንደኛው «ታይቷል» የሚል ማኅተም ተመትቶበት ተመለሰ። ሁለተኛው የት እንደገባ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛም አታውቅም። «እህቴ፣ አትድከሚ» አለችኝ። ከክፋት አይደለም፤ አዝናልኝ ነው።

6. አባቴ ይቀልዳል። «ከእንግዲህ እስከ ስምንት ነው የምቆጥረው» ይላል። ታብሌቱን ሳወጣ ደግሞ «ያቺን የተሳሳትሽውን የምትመልስልሽን ቁልፍ ለእኔም ተጫኚልኝ እስቲ» ይለኛል። እሱን እችለዋለሁ። ያልቻልኩት ሌላ ነው። በየቀኑ በዚያ በር ስትገባ ሥዕሉ ላይ ያለውን መከለያ እያየህ ለምን አልነገርከኝም ብዬ ጠየቅሁት። «ሥራ እንዳይቀርብሽ ፈርተሽ የሣልሽው መስሎኝ ነዋ ልጄ። ላሳፍርሽ አልፈለግሁም» አለኝ። አምስት ሳምንት ሙሉ፣ ልጄ ዋሽታለች ብሎ እያመነ፣ እኔን ላለማሳፈር ዝም ብሎ በባዶው ቢላ ሠርቷል።

ስለዚህ በአባቴ ላይ የተሰጠው ውሳኔ እንዲሻር፣ የመጀመሪያው ፋይል ሙያው ባለው ገለልተኛ ሰው እንዲመረመር፣ የተለወጠውም ሥዕል ከተለጠፈበት ሁሉ እንዲነሣ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ይሆናል ብዬ አይደለም። ይህም ወረቀት እንደ ሁለቱ አቤቱታዎቼ «ታይቷል» ተብሎ እንደሚመለስ፣ ምናልባትም እንደሚጠፋ እገምታለሁ። ጣቶቹ አይመለሱም፤ ሥራውም የሚመለስ አይመስለኝም።

ይሁንና ጽሕፈት ቤትዎ ቢወስንም ባይወስንም አንድ ነገር ይመዝገብልኝ። ፊርማዬን አንሥቻለሁ። ስሜ ከዚያ መከለያ ስር ሆኖ በአባቴ ላይ ሲመሰክር ከዛሬ ጀምሮ አልቀበልም።

ከሰላምታና ከሚገባዎ አክብሮት ጋር፣

(ፊርማ)
አመልካች፦ የወረቀት ቆራጩ ልጅ፣ ሠዓሊ