«ታጥፌያለሁ» በል

የካቲት 3፣ ሰኞ

ማተሚያ ቤቱ እንደወትሮው። የጽሕፈት ክፍሏ ልጅ «ኮምፒውተሬ ሞተ» ብላ አስጠራችኝ፤ ሄጄ ሳይ ሶኬቱ ተነቅሏል። ሰካሁት፣ ተነሣ። «አንቺ እኮ ጠንቋይ ነሽ» አለችኝ። አዎ፣ የሶኬት ጠንቋይ። ከሰዓት ደግሞ ፕሪንተሩ ወረቀት ጎርሶ አልተፋም አለ። የኔ የጥገና ሥራ እንዲህ ነው... ነቅሎ መሰካት።

ከሥራ ስወጣ ጋሼ ጋ ሄድኩ። ታላቅ ወንድሜ ከሕንፃ መሰላል ላይ ከወደቀ ሁለት ወር ሞላው። ሐኪሙ «ወገብህ እስኪጠና ገና አራት ወር በጀርባህ ተኛ» ብሎታል። እጁ ደህና ነው። ዓይኑም ደህና ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የሕንፃ ንድፍ ሲሠራ የኖረ ሰው፣ አሁን ጣሪያ ሲያይ ይውላል።

«እንዴት ዋልክ ጋሼ?»

«ዋልኩ።»

በቃ፣ ይኼው ነው።

ሚስቱ እትዬ በር ላይ ያዘችኝ። «ባለፈው ውሃ ጠምቶት ሦስቴ ተጣርቷል፤ የስፌት መኪናዬ ድምፅ ውጦብኝ አልሰማሁትም። ከዚያ ወዲህ አይጠራኝም። ይጠማዋል፣ ዝም ይላል።» መንገዱን ሁሉ እያሰብኩት ገባሁ።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

የጋሼ መሥሪያ ቤት ዋና መሐንዲስ ሊጠይቁት መጡ። ብርቱካን ይዘው ነበር፤ ወሬያቸው ግን እንደ ብርቱካኑ አልጣፈጠም።

«እስከ መጋቢት 15 አንድ ሙሉ ንድፍ ከተኛህበት ሠርተህ ካሳየህ ቦታህ ያንተው ነው። ካልሆነ ሌላ ሰው መቅጠር ሊኖርብን ነው። እኔም በላዬ አለቃ አለብኝ፣ ታውቃለህ።»

ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን ሲሉ ጫማቸውን ነበር የሚያዩት። ንድፉ የባለ አንድ ፎቅ ትምህርት ቤት ነው፤ ረቂቁን ጥለውለት ሄዱ።

ከወጡ በኋላ ጋሼ፦ «በምን ልሥራው? ጣሪያው ላይ በጥፍሬ ልጫር?»

«እኔ አለሁልህ» አልኩት።

ምን ይዤ ነው ግን ያልኩት? አፌ ሁልጊዜ ከእጄ ይቀድማል።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

አገኘሁ! የማተሚያ ቤቱ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ይወገዱ ከተባሉት መሀል፣ የሚታጠፍ ላፕቶፕ። ስክሪኑ ወደ ኋላ ዞሮ የኪቦርዱን ጀርባ እስኪነካ ይታጠፋል፤ ያኔ መጻፊያ ሰሌዳ ይመስላል። ብዕርም አለው። ሥራ አስኪያጁን ለመንኩ፣ «ውሰጅው፣ ቦታ ነው የያዘው» አሉኝ። የነበረው ሲስተም እያቃሰተ ስለሚሄድ ደምስሼ ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ ሲስተም ጫንኩበት። የጋሼ የንድፍ ፕሮግራም ይሠራበታል። ሞከርኩት።

ጎረቤታቸው አናጢው ከአልጋው ራስጌ የሚነሣ የእንጨት ክንድ ሠራልን። ክንዱ የታጠፈውን ማሽን ከጋሼ ፊት ትይዩ አንጠልጥሎ ይይዛል። ማሰሪያዎቹን እትዬ ከወፍራም ጨርቅ ሰፋችልን፤ «ዝሆን ይሸከማል» ብላ ጎትታ አሳየችኝ።

የካቲት 9፣ እሑድ

ሰቀልነው... ጉድ ነው። ስክሪኑ ተዘቅዝቆ ቁጭ! በእጄ ባዞረው ብዕሩ እንቢ አለ፤ ጋሼ ወደ ቀኝ ሲስብ መስመሩ ወደ ግራ ይሄዳል። ያ ሳያንስ ማሰሪያው ከኋላ ያሉትን ቁልፎች ተጭኖ ንድፉ መሀል «ገገገገገገ» ይጽፋል።

ጋሼ ትንሽ አየውና፦ «ይሄ ማሽን ይንተባተባል እንዴ?»

በሁለት ወር የመጀመሪያ ቀልዱ ነው! እትዬና እኔ ከሚገባው በላይ ሳቅን።

«ኪቦርዱን ጨርሼ ልዝጋልህ?»

«ጠዋት ጠዋት ሐኪሙ በፈቀደልኝ ሰዓት ትራስ ተደግፌ ስቀመጥ ልኬት የምጽፍበትስ? ሲታጠፍ አንቺን ልጥራ፣ ሲዘረጋ አንቺን ልጥራ? ተይው ቁንጫ። ለሁሉም ነገር ሰው መጥራት ሰልችቶኛል።» ቁንጫ የልጅነት ቅጽል ስሜ ነው።

ገባኝ። ማሽኑ መታጠፉን ራሱ ማወቅ አለበት። ሲታጠፍ ኪቦርዱ ዝም፣ ሲዘረጋ ኪቦርዱ ይናገር። ስክሪኑም ራሱን ያቅና። ማንም ሳይጠራ።

ከመሄዴ በፊት ቶሎ ቶሎ ኢንተርኔት ላይ አየሁ። አንዱ «እንዲህ የሚባለውን ድራይቨር አግደው፣ ሌላኛው ይተካዋል» ይላል። አገድኩት። ለውጥ የለም። ነገ እንግዲህ።

የካቲት 10

እትዬ ክር እያስገባች «ከርነል ከርነል የምትይው ምንድን ነው?» አለችኝ።

«የቤቱ አዛዥ ናት በያት። ስክሪኑን፣ ብዕሩን፣ ኪቦርዱን የምታዝ። ድራይቨር ደግሞ በሷና በያንዳንዱ ዕቃ መሀል የሚቆም አስተርጓሚ።»

«ታዲያ አስተርጓሚው ምን ሆነ?»

«እሱን ነው የማጣራው።»

«አስተርጓሚው ከአዛዧ ጋር እያጣላሽ እንዳይሆን» አለችና መኪናዋን ረገጠች።

የካቲት 13

አንዱ ተፈታ!! የምሳ ሰዓቴን ሠውቼ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ማሽኑ ውስጥ የትኛው ጎን ወደ መሬት እንደሆነ የሚያውቅ ትንሽ ሴንሰር አለ። ያንን ሴንሰር የገጠመው ሰው ገልብጦ ነው የገጠመው! ለዚህኛው ሞዴል ማረሚያ የሚሆን የቁጥር ሠንጠረዥ ጻፍኩለት፤ ሲተረጎም «ላይ ያልከው ታች ነው፣ ታች ያልከው ላይ ነው» ማለት ነው። አስነሣሁት። ስክሪኑ ቀጥ! ብዕሩም ተከተለው።

ጋሼ አንድ ክብ ሳለ። ዝም ብሎ ክብ። ረጅም ጊዜ አየውና «ደህና ክብ ነው» አለ። ጮቤ ረገጥኩ፤ ልኬን አላውቅም።

መንተባተቡ ግን እንዳለ ነው።

የካቲት 17

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። የድራይቨሩን ኮድ ራሱን ከፍቼ አነበብኩ። ለካስ መታጠፍን የሚናገረው ድራይቨር መጀመሪያ ማሽኑን «ምንድን ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። የኛው ቂል ደግሞ «ተራ ላፕቶፕ ነኝ፣ አልታጠፍም» ይለዋል! ድራይቨሩም አምኖት፣ የማጠፊያውን ወሬ ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ራሳቸውን ለማያውቁ ማሽኖች የተዘጋጀ ዝርዝር አለ፤ «እነዚህ ምንም ቢሉህ አትመናቸው፣ ይታጠፋሉ» የሚል። የኛ ሞዴል የለበትም።

ጨመርኩት። ጥቂት መስመር ናት። ኮዱን ወደ ማሽኑ ቋንቋ ለወጥኩ፣ ጫንኩ፣ አስነሣሁ፣ አጠፍኩ...

ገገገገገ።

የካቲት 18

ምንም።

የካቲት 19

ምንም። ሦስቴ ከነቃቀልኩ በኋላም ምንም። ለሰው ኮምፒውተር ጠንቋይ፣ ለወንድሜ ጊዜ ሶኬት እንኳ የማላውቅ? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ያሉት እኔን ነው። ዛሬ ሥራ ቦታ ሁሉንም ሰው ተቆጣሁ፤ ፕሪንተሩን ሳይቀር።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ይህን የምጽፈው በአንድ በኩል እያፈርኩ፣ በሌላ በኩል እየሳቅሁ ነው።

ጠዋት ጋሼ አጠገብ ተቀምጬ ኮዱን ለመቶኛ ጊዜ አነባለሁ። ከንፈሬን ስነክስ አይቶኝ ኖሯል።

«ቁንጫ፣ ንድፍ አልገጥም ሲለኝ ምን እንደማደርግ ታውቂያለሽ? የመጨረሻውን መስመር አላይም። የመጀመሪያውን ነው የማየው። አንቺ መጀመሪያ ቀን ምን አደረግሽ?»

«መጀመሪያ ቀን? ምንም። ሰቀልነው፣ ተዘቀዘቀ፣ ከዚያ...»

ከዚያ እኮ አገድኩት! እሑድ ዕለት፣ ለመሄድ ስጣደፍ፣ የማን ምክር እንደሆነ እንኳ ሳላጣራ። ፋይሉን ፈልጌ ከፈትኩ። ስሙን «ጊዜያዊ» ብዬዋለሁ። ውስጡ አንድ መስመር፦ የማጠፊያው ድራይቨር እንዳይነሣ። ሰውየውን በር ቆልፌበት ሳበቃ፣ አምስት ቀን ሙሉ «ለምን አትገባም?» እያልኩ ስጮህበት ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል ይሄ ነው።

«ምን አገኘሽ?» አለ ጋሼ።

«ራሴን።»

ነገርኩት። ሳቀ። ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ወገቡን አሞት «ኧረ ተይ!» እያለ ሳቀ። እትዬ «ምን ሆነ?» ብላ መቀስ እንደያዘች ሮጣ ገባች።

ፋይሉን አጠፋሁ። አስነሣሁ። አጠፍኩ። ማሰሪያው ቁልፎቹን ተጫነ...

ጸጥ።

ዘረጋሁት፣ ጻፈ። አጠፍኩት፣ ዝም አለ። ዘረጋሁት። አጠፍኩት። እትዬ «ስጪኝ እኔም ልሞክር» ብላ አስር ጊዜ ያህል አጠፈችው። «ታጥፌያለሁ አለ! ተዘርግቻለሁ አለ!» እልልታዋን ስታቀልጠው አናጢው በአጥር ብቅ ብሎ «ማን ወለደ?» አለ።

ወለድኩ እንጂ! ዛሬ የሚነካኝ የለም።

የካቲት 23

ጋሼ ጠዋት ብቻውን ሠርቷል። ትራስ ተደግፎ ልኬት ጻፈ፣ ከዚያ ተኛ፣ ከዚያ የእንጨቱን ክንድ ወደ ራሱ ሳበ። ማንንም አልጠራም። እትዬ ናት የነገረችኝ፤ እያለቀሰች ነበር፣ የደስታ መሆኑን በስልክም ለየሁት።

መጋቢት 5

ደውዬ «ንድፉ እንዴት ነው?» ብለው «ከረቂቁ ጋር እየተጣላሁ ነው» አለኝ። በምን? አይናገርም። ድምፁ ግን የድሮው ድምፅ ነው... ያ ትዕቢተኛው። እንዴት ናፍቆኝ ኖሯል!

መጋቢት 9

እኔም ሥራ አለኝ። ማስተካከያዬን የድራይቨሩ ኃላፊ ለሆነው ሰው ላክሁ። የት እንደሚኖር አላውቅም፣ አይቶኝ አያውቅም። የላክሁትም፣ ይህንኑ ማሽን ይዞ ገገገገ የሚልበት ሌላ ሰው አይጠፋም ብዬ ነው።

ነገ «መለሰልኝ» ብዬ ብጽፍ እመኛለሁ። እስቲ እናያለን።

መጋቢት 12

መለሰ። «ሐሳቡ ልክ ነው፣ አቀራረቡ ግን በደንባችን አይደለም፤ ምን ማሽን ላይ እንደሞከርሽው፣ ያለሱ ምን እንደሚበላሽ ጻፊ።» ተናደድኩ። ከዚያ አነበብኩት፣ ሰውየው ልክ ነው። «ያለሱ ምን ይበላሻል?» ለሚለው ምን ልጻፍ? ወንድሜ ልበል? «ማሽኑ ሲታጠፍ ከኋላ የተነኩ ቁልፎች ይጻፋሉ» ብዬ ላክሁ። እሱም እውነት ነው።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

ዋናው መሐንዲስ መጡ። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ቀድሜያቸው ደርሻለሁ፤ ማሽኑ አጉል ጸባይ ቢያመጣ ብዬ። አላመጣም። ጋሼ ተላጭቷል፣ ሸሚዝ ለብሷል፤ ተኝቶም ባለሥልጣን ይመስላል።

መሐንዲሱ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለው አዩ። ገጹን አሳለፉ፣ መለሱ። «ይሄ በር... እኛ የሰጠንህ ረቂቅ ላይ እንዲህ አልነበረም።»

«አልነበረም። በእናንተ ረቂቅ ላይ የላይኛው ክፍል በር ወደ ደረጃው ነው የሚከፈተው። ደወል ሲደወል አንዱ ልጅ በሩን ሲገፋ፣ ሌላው ልጅ ከደረጃው ይወድቃል። መውደቅ ምን እንደሆነ ከኔ ጠይቁ። ወደ ውስጥ አዞርኩት፣ ኮሪደሩንም አሰፋሁት።»

የእትዬ መኪና ቆሟል፤ ከግድግዳው ወዲያ ጆሮዋን ለጥፋ ነው።

«ይህን ረቂቅ አራት ሰው ቆሞ ፈርሞበታል» አሉ መሐንዲሱ።

«እኔ ተኝቼ አየሁት» አለ ጋሼ።

ኧረ የኔ ወንድም! መሐንዲሱ መጀመሪያ ሊቆጡ ይሁን ሊስቁ አላውቅም፤ ኋላ ግን እጁን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። ቦታው የሱ ነው። ረቡዕ ሌላ ንድፍ ይላክለታል። ሲወጡ እኔን «ይህን ማሽን ማን እንዲህ አደረገው?» አሉኝ። «እኔ ነኝ» አልኩ። ደረቴን ነፋሁ፣ አዎ ነፋሁ። ስለ «ጊዜያዊ» ፋይሉ አልነገርኳቸውም፤ ዝም አይነቅዝም።

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

ጠዋት ከድራይቨሩ ኃላፊ ኢሜይል ገባ። «ተቀብዬዋለሁ፤ አመሰግናለሁ።» ሌላ ነገር የለውም። ማስተካከያዬ በሚቀጥለው ከርነል ውስጥ ይገባል... የኔ ጥቂት መስመር፣ ከነስሜ! ከሥሩ ደግሞ የማላውቀው ሰው ጽፏል፦ «እኔም ይህ ማሽን አለኝ። ሞከርኩት፣ ሠራልኝ።» ሁለቴ አነበብኩት። ሦስቴ። ከዚያ ነጠላ ጫማዬን እንኳ ሳልቀይር ጋሼ ቤት ሮጥኩ። ይህን ዜና ከሱ በፊት ማንም መስማት የለበትም።

በሩን በርግጄ «ጋሼ! ጋሼ! አታምነኝም...» ስል፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል ግራ እጁን አነሣ። በቀኙ ረጅም መስመር እየሳበ ነው።

«ሥራ ላይ ነኝ ቁንጫ። ውጪና ጠብቂ፣ በሩንም ዝጊው።»

ወጣሁ። እትዬ ኮሪደሩ ላይ በርጩማ ይዛ ተቀምጣ የሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች። «እኔንም አባሮኛል፤ መኪናሽ ይረብሸኛል አለ» ብላ ጠጋ አለችልኝ። በሩ ላይ ዓይናችንን ተክለን፣ እንደ ባለጉዳይ ተራችንን ጠበቅን።

ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ። እንዲህ ደስ ብሎኝ ተባርሬ አላውቅም።