አሜን ያልኩበት ሆድ

ፍቅርተ፣

ከትምህርት ቤት ስትመለሺ አታገኚኝም። አዲስ አበባ የሄድኩት ለስልጠና አይደለም፤ የሆዴን ትርፍ ቆዳ በቀዶ ጥገና ላስቆርጥ ነው። እናቴ ከእብናት ከደወለች ግን ስልጠና ላይ ናት በይልኝ።

ስመለስ አንድ ሳምንት ያህል ቀጥ ብዬ መቆም አልችልም ተብያለሁ። ጎንበስ ብዬ፣ ከጎኔ የቁስሉን ፈሳሽ የሚያወጣ ቱቦ ተንጠልጥሎ ብታዪኝ እንዳትደነግጪ። ጉልበቴን አጥፌ ስለምተኛ ትልቁን ትራስሽን አውሺኝ። ስድስት ሳምንት ጀሪካን አላነሳም። ውኃው ባንቺ ላይ ወደቀ፣ ይቅርታ።

ሐኪሙ «ወልደሽ ጨርሰሻል?» አለኝ። ከዚህ በኋላ ካረገዝሽ የተሰፋው መልሶ ይላላል አለ።
«ጨርሻለሁ» አልኩት።
የወለድኩት አንድ እንደሆነ፣ እሱም ክርስትና ሳይነሳ እንደሞተ አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም።

ባለፈው ባጃጅ ውስጥ አንድ እናት ሆዴን አይተው ፈቀቅ አሉልኝና «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብለው መረቁኝ። አንቺ ፊትሽን ወደ ውጭ አዙረሽ ሳቅሽ።
እኔ አሜን አልኩ።
ልጄ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ሁለቱንም ዓመት እርጉዝ መስያቸው ለመረቁኝ ሁሉ አሜን እያልኩ ነው የኖርኩት። ምን ብዬ ላስረዳቸው?

ከእንግዲህ የሚሳሳት አይኖርም።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው ቀዶ ጥገና ክፍል የምገባው። እንዳትደውዪ። ብቻ ባለሽበት ሆነሽ፣ ሳትስቂ፣ አንድ ጊዜ በሽልም ታውጣሽ በይኝ።

ስርጉት