ጋሼ ግዛውና ቢጫው ክር

አቶ ግዛው ወንድምአገኝ ከአባታቸው ከአቶ ወንድምአገኝ ደስታ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሣህሊቱ አበጋዝ በ1947 ዓ.ም. በሻሸመኔ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። በቤታቸው ጨርቅ ሁለት ጊዜ ሳይለካ መቀስ አይነሣም ነበር። ይህን ሕግ ከልጆቻቸው አንዱ ጠብቆታል፣ ሌላው አልጠበቀውም። ያልጠበቀው ታናሽ ወንድማቸው እንግዳ፣ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ነው።

ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ አጠናቀው፣ በአዲስ አበባ በአንድ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን በንብረት ክፍል ለረጅም ዓመታት አገለገሉ። በ1978 ዓ.ም. ከወይዘሮ ባንቺአየሁ ወርቁ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ባሮክንና ቤተልን ወለዱ። ዲቪ ደርሷቸው ከነቤተሰባቸው ሎስ አንጀለስ የገቡት በፈረንጅ አቆጣጠር በ1998 ሲሆን፣ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

ኑሯቸውን ሃውቶርን አድርገው በአውሮፕላን ማረፊያው ሻንጣ በመጫን ሠሩ። ወይዘሮ ባንቺአየሁም በፌርፋክስ ጎዳና የቅመማ ቅመም ሱቅ ከፈቱ። ጋሼ ግዛው በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ከሥራ የቀሩት ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ አንዱ ቤተል የተመረቀችበት፣ ሌላው የእናታቸው መርዶ የተነገረበት ዕለት ነው።

በ2012 ቀኝ ትከሻቸው ክፉኛ ተጎዳ። ከኦፕሬሽን በኋላ ሐኪማቸው ክንዱ ከደረት በላይ እንደማይነሣ ነገሯቸው፤ ከሥራም ወጡ። ይህን ጊዜ አድበስብሶ ማለፍ አይገባም፤ ጋሼ ግዛው በጣም ተከፍተው ነበር። ሸሚዛቸውን የሚያለብሷቸው ባለቤታቸው ነበሩ። እሑድ በዝማሬ ሰዓት ጉባኤው እጁን ሲያነሣ እርሳቸው ግራቸውን ብቻ ያነሡ ነበር። ለጌታ ግማሽ እጅ ማንሣት ከሕመሙ ይልቅ ያሳፍራቸው ነበር።

በ2013 ፓሳዴና ውስጥ በአንድ ኩሬ አጠገብ ሲያልፉ፣ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ አሥራ አምስት ጫማ የሚሆን የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ሳይቸኩሉ ክር ሲወረውሩ አዩ። ስፔይ የሚባል የድሮ የስኮትላንድ አወራወር ነው። ክሩን የሚጥለው ጎብጦ የሚቃናው ዘንግ ነው እንጂ የትከሻ ጉልበት አይደለም። ጋሼ ግዛው እዚያው ቆመው ወሰኑ።

የሱቁ ሻጭ ለጀማሪ ይቀላል ብሎ አጭር ዘንግ መከራቸው። እርሳቸው ግን ሁለቱንም ሦስት ቅዳሜ እየተመላለሱ ሞከሩ። አጭሩ ከእያንዳንዱ ውርወራ በኋላ ክሩን በእጅ ስቦ መሰብሰብ፣ ከዚያም ፈጠን ያለ ምት ይፈልጋል። ረጅሙ ብዙ ክር ከውኃው ላይ በአንድ ጊዜ አንሥቶ መልሶ ይጥላል፤ ዝግተኛ ሰው ይስማማዋል። ለትከሻቸው የሚበጀው ረጅሙ እንደሆነ አረጋግጠው ገዙት። በምርጫቸው የሳቁ ነበሩ፤ ከሳቂዎቹ አንዱ ቅዳሜ ቅዳሜ በመኪናው የሚያመላልሳቸው እንግዳ ነው።

እንግዳ ግን ለወንድሙ ስጦታ መስጠት ፈለገ። ዘንጉ ላይ ስምንት ቁጥር አየና፣ ስምንት ቁጥር የተጻፈበት ቢጫ ክር ገዝቶ በደስታ አበረከተላቸው። ቁጥሩ ተመሳሳይ ይሁን እንጂ፣ ያ ክር በአንድ እጅ ለሚያዝ ትንሽ ዘንግ የተሠራ ነበርና ክብደቱ ለረጅሙ ዘንግ አይደርስም። የልብስ ሰፊው ልጅ ሳይለካ ቆረጠ።

አንድ ዓመት ሙሉ ክሩ እግራቸው ሥር ይወድቅ ነበር። ዘንጉን የሚያጎብጥ ክብደት አልነበረውም። ጋሼ ግዛው በትከሻቸው አሳበቡ እንጂ ስጦታውን አልጠረጠሩም፤ ቅዳሜም አንድ ቀን አልቀሩም። በ2014 መስከረም ላይ እንግዳ ማየቱ ከበደውና፣ «ጋሼ፣ ኢናፍ ነው። ሾልደርዎ አልቻለም፤ በቃ ይቀበሉት» አላቸው።

«ትከሻዬን ለእኔ ተወው። አንተ ድራይቭ አድርግ» ብለው እንደገና ወረወሩ። እንደገና ወደቀ።

ነገሩን የደረሱበት ወይዘሮ ባንቺአየሁ ናቸው። ዘንጉ የሚፈልገው የክር ክብደት እጀታው አጠገብ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ኖሯል። የክሩን መወርወሪያ ክፍል ፈትተው በሱቃቸው የቅመም ሚዛን ላይ ቢያስቀምጡት ከሚፈለገው ሲሶውን እንኳ አልሞላም። ሌላ ሰው ቢሆን ስልክ አንሥቶ ወንድሙን ልክ ልኩን በነገረው ነበር። ጋሼ ግዛው ግን ባለቤታቸውን፣ «እንግዳ እንዳይሰማ። የሰጠኝ ከልቡ ነው» አሉ።

ይሉኝታቸው በዚህ አላበቃም። ለዘንጉ ልክ የሆነ ክር ወዲያው ተገኝቶ ነበር፤ ሆኖም አረንጓዴ ነበር። እንግዳ እንዳያውቅ፣ ክብደቱ ለዘንጉ የሚስማማ፣ ቀለሙም እንደ ስጦታው ቢጫ የሆነ ክር ለማግኘት አምስት ወር ፈለጉ። አገኙም።

በ2015 መጋቢት፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ቢጫው ክር ኩሬውን አቋርጦ ሄደ። ቀኝ እጃቸው ከግንባራቸው በላይ ደርሶ ነበር፤ እርሳቸው ግን ልብ አላሉትም። እንግዳ አለቀሰ። በኅዳር ወር ሁለቱ ወንድማማቾች ወደ ሰሜን ካሊፎርኒያ ወጥተው፣ ጋሼ ግዛው በሦስተኛው ቀን ከባሕር ወደ ወንዝ የሚመለሰውን ስቲልሄድ የተባለ ዓሣ ያዙ፤ መንጠቆውን ነቅለውም ለቀቁት። ያን ሁሉ መንገድ የነዳው እንግዳ ዓሣ ሳይቀምስ በመመለሱ ትንሽ ቅር ብሎት ነበር።

በቀጣዩ እሑድ ጋሼ ግዛው በዝማሬ ሰዓት ሁለቱንም እጃቸውን አነሡ። እንግዳም ለምስክርነት ወጥቶ፣ ጌታ ይህን ሁሉ የሠራው እርሱ በገዛው ቢጫ ክር እንደሆነ ተናገረ። ጉባኤው አጨበጨበ። ከሁሉ ቀድመው ተነሥተው ያጨበጨቡት ጋሼ ግዛው ነበሩ።

በ2017 የጣፊያ ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። አቅማቸው እስከፈቀደ ድረስ ቅዳሜን አላጓደሉም። ቅዳሜ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2018 በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ወደሚወዱት ጌታ ሄዱ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጃቸውን መዝሙርንና አንድ ወንድማቸውን ትተዋል።

ባለፈው ሰኞ እንግዳ ለዚህ ጽሑፍ የሚሆን ፎቶ ሲፈልግ፣ በማጥመጃ ቦርሳቸው ውስጥ ሁለት ቢጫ ክሮች አገኘ። ክብደቱ ቀላል በሆነው ላይ በጋሼ ግዛው የእጅ ጽሑፍ «የእንግዳ፤ እንዳይጠፋ» ይላል። ሲጠይቃቸው ወይዘሮ ባንቺአየሁ ሁሉንም ነገሩት። ስለዚህ በዚህ ቤት የሰጠሁት ምስክርነት እንዲህ ይታረምልኝ፦ ወንድሜ የወረወረው በእኔ ክር አይደለም። የእኔን ክር ግን እስከ መጨረሻው ተሸክሞልኛል።

የሰውን ስሕተት የሸፈነውን ወንድሜን ጌታ በክብሩ ይሸፍነው፤ እኛንም ያጽናናን። አሁን ዝማሬው ሲጀመር፣ ስለ ጋሼ ግዛው ብላችሁ ሁለቱንም እጃችሁን አንሡ።