ያለ ሰዓቱ የጮኸው ጡሩምባ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን
ከቤታችን በረንዳ፣ ከምሳ በኋላ

ለበኩሬም ለመጨረሻዬም፣ ለአንድዬ ልጄ፤

እንዴት ነሽልኝ? ጤናሽስ? ብርዱ አልበረታብሽም? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል፤ አፏ ግን እግዜር ይመስገን ጤነኛ ነው። አክስትሽም በየሁለት ቀኑ ብቅ እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ሰላም ብላሻለች።

«ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው?» እንደምትዪ አውቃለሁ። መስመሩ አስቸገረኝ፣ ልጄ። አንቺ ታወሪያለሽ፣ እኔ «እሺ፣ እሺ» እላለሁ፣ ከተዘጋ በኋላ እናትሽን «ምን አለች?» ብዬ እጠይቃለሁ። እሷ ደግሞ «መስመሩ ምን አደረገህ?» እያለች ትስቃለች። የዛሬው ወሬዬ ግማሹ ተሰምቶ ግማሹ የሚቀር ዓይነት አይደለም። ስለዚህ ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ ቆመሽ እንዳታነቢው።

መጀመሪያ የከተማውን ልንገርሽ። ከተማችን ስልሳ ዓመት ሊሞላት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ የታሪክ መጽሐፍ አሳትማለሁ ብሎ የሁለተኛ ደረጃውን የታሪክ መምህር አዟል። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ትሁት ነው፣ ግን አንዳንዴ ያስቀኛል። «ከተማዋን ማን ቆረቆራት?» ብሎ ይጠይቀኛል። ማን ይቆረቁራታል? ጥጥ ነው የቆረቆራት! ድልድዩ አጠገብ አንዲት የጥጥ መዳመጫ ነበረች። ጥጥ የጫኑ መኪኖች እዚያ ያድራሉ፣ ሾፌሮቹ ሻይ ይፈልጋሉ። አንዷ ሴትዮ ሻይ አፈላች፣ ሌላዋ ዳቦ ጋገረች፣ አንዱ ጎማ መለጠፍ ጀመረ። ከዚያ ክር ፋብሪካው መጣና ለሠራተኛ አራት መደዳ ቤት ተሠራ፤ ሁለቱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች ወንዙ ዳር። ውሃ ለመቅዳት ይቀርባል ብለው ነው ወንዝ ዳር የሠሩት። እንዴት ያለ ብልህነት ነው!

ሰዓት የሚባል ነገር በዚያን ጊዜ ለአለቆች ነበር፤ ለሌላው ሁሉ የኔ የፋብሪካው የእንፋሎት ጡሩምባ ትበቃው ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አንዴ፣ ለምሳ ሁለቴ፣ አስራ አንድ ሰዓት ላይ አንዴ። ልጆች በሷ ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት፣ ፀጉር አስተካካዩ በሷ ነው የሚዘጋው። ቦይለሩን የማነደውም ገመዱን የምስበውም እኔው ስለነበርኩ፣ ከሥራ አስኪያጁ ቀጥሎ ትልቅ ሰው እኔ እመስል ነበር። እናትሽ ይሄን ስታነብ ምን እንደምትል አውቃለሁ፤ ይቅርብኝ።

አሁን ብታያት አታውቂያትም። ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ ያሉትን ዓመታት ታስታውሻለሽ፤ ከተማው እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ጊዜ፣ አንቺም የሄድሽው ያኔ ነው። ዛሬ ክር ይጠነጠንበት በነበረው አዳራሽ ሦስት መቶ ሴቶች ሸሚዝ ይሰፋሉ። የጥጥ መጋዘኑ ካርቶን ፋብሪካ ሆኗል። ታችኛው መደዳ የነበረበት ቦታ የችግኝ ጣቢያ ነው፣ ማታ ማታ ከእናትሽ ጋር ወክ እናደርግበታለን። አስፋልቱ እስከ ድልድዩ ደርሷል። ቦይለር ቤቱን ግን አልነኩትም፤ ጡሩምባዋን ለትዝታ እናቆያት ብለው ቀለም ቀቧት። ቀይ! በዕድሜዋ ቀይ ሆና አታውቅም፤ ሙሽራ አስመሰሏት።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ባለፈው ሐሙስ መምህሩ አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። «አባባ፣ ይሄ የእርስዎ ገጽ ነው፤ አይተው ይፈርሙልኝ» አለኝ። ጮክ ብሎ አነበበልኝ። እንዲህ ይላል፦ «ቦይለረኛው በሥራ ላይ ሳሉ ወንዙን በንቃት ሲመለከቱ የአፈር ግድቡን መሰንጠቅ ቀድመው አዩ። ወዲያው ሦስት ረጃጅም የአደጋ ጥሪ በማሰማታቸው የሰማንያ ቤተሰብ ሕይወት ተረፈ።» እናትሽ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ሳል ያዛት። ሳል እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ። «ብዕሩ አልጽፍ አለኝ» ብዬ መምህሩን ሸኘሁት።

በዚያው ሳምንት ደግሞ ያንቺ መልእክት መጣ። የጎርፍ ማስጠንቀቂያ የሚሠሩት ሰዎች አለቃ አድርገውሻል። እልል ብለናል! እናትሽ ያነበበችልኝ ንግግርሽ ውስጥ ግን «ይህን ሙያ የመረጥኩት በአባቴ ነው፤ አባቴ ውሃውን ከሰው ሁሉ ቀድሞ ያየ ሰው ነው» ብለሻል። ልጄ፣ ያን ቀን እህል ከአፌ አልገባ አለኝ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔ ግን ሠላሳ ስድስት ዓመት ቆይቶ ነቀዘ።

እንግዲህ ስሚኝ። ያን ቀን የተወለድሽበት ቀን እንደሆነ ታውቂያለሽ። እናትሽ ላይኛው ሜዳ ዳር ያለው ክሊኒክ ገብታለች። ተቀያሪዬ ስለቀረ ቦይለሩን ጥዬ መሄድ አልቻልኩም፤ ቦይለር እንደ ሕፃን ነው፣ ብቻውን አይተዉትም። አክስትሽ «አትቅበጥበጥ፣ እንደተገላገለች በመስኮት ነጭ አንሶላ አንጠለጥልልሃለሁ» አለችኝ። ከጠዋት ጀምሮ የቦይለር ቤቱ በር ላይ ቆሜ የማየው ያንን መስኮት ነው። አምስት ሰዓት ሲሆን አንሶላው ወጣ።

ምን እንደያዘኝ አላውቅም። ገመዱን ይዤ ሳብኩት። አንዱን ለእናትሽ። አንዱን ላንቺ። አንዱን ለራሴ። ረጃጅም፣ እንፋሎቱ እስኪያልቅ። ሦስተኛውን ከለቀቅኩ በኋላ ነው ያደረግኩት የገባኝ። መጋዘኑ ከተቃጠለ ወዲህ በፋብሪካው የወጣ ደንብ ነበር፦ ጡሩምባው ያለ ሰዓቱ ሦስት ጊዜ በረጅሙ ከጮኸ አደጋ ነው፤ ሰው ሁሉ የያዘውን ጥሎ ላይኛው ሜዳ ይወጣል። ልምምድ ስናደርግ ገመዱን የምስበው ራሴ ነኝ! ደንቡን ከኔ የበለጠ የሚያውቀው ማን አለ?

ጉድ ፈላ በይ። ክር የሚያጠነጥነው ማሽኑን አጠፋ፤ ከታችኛው መደዳ እናቶች ሕፃን አዝለው፣ የሌሊት ፈረቃ ገብተው ያደሩት በእንቅልፍ ልብሳቸው ወደ ሜዳው ወጡ። «እሳቱ የታል?» ይላል ሁሉም። የፈረቃው አለቃ፣ ሚስማር የምንለው፣ ቀጭንና ነገሩ የሚወጋ ሰው ነበር፣ ዱላ ይዞ እኔ ጋ መጣ። «እሳቱ የት ነው? ተናገር!» ይላል። ምን ብዬ ልመልስ? «ልጅ ወለድኩ» ልበለው? አለቀልኝ፣ ዛሬ ተባረርኩ፣ ልጄን በምን አሳድጋታለሁ እያልኩ ጀርባዬን ሰጥቼው መስኮቱን ማየት ቀጠልኩ። እሱ ከኋላዬ ይጮሃል። ከዚያ በመሃል ጩኸቱ ቆመ።

ዞር ስል ሚስማር አፉን ከፍቶ ቆሟል። ከላይ ወንዙ ላይ የነበረው የአፈር ግድብ ተደርምሶ ሄዷል። ውሃው ሁለቱን የታች መደዳዎች እስከ መስኮታቸው ሞልቶ፣ የልብስ ሰፊውን መኪናና አንድ የዶሮ ቤት ይዞ ሲወርድ አየን። ሰው ግን አልነበረም፤ አንድም ሰው አልነበረም። ሚስማር ዱላውን ጥሎ ትከሻዬን ያዘኝ። «ውሃውን አይተህ ነው፣ አይደል?» አለኝ። እኔ አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። እሱ አዎ ያልኩት መሰለው።

ውሸቴ ይኸው ነው፣ ልጄ። አንዲት አንገት መድፋት። ማታ ለእናትሽ ስነግራት በሳቅ ልትሞት ነው፤ አዋላጇ እየተቆጣች ከክፍሉ አስወጣችኝ። ከዚያ በኋላ ለመናገር ሳስብ ሰው መንገድ ላይ አቅፎ ይስመኛል፣ ሽልማት ብለው ካፖርት ሰጡኝ፣ በጋውም ክረምቱም አለፈ። ጊዜው ባለፈ ቁጥር ደግሞ ነገሩ እየከበደኝ ሄደ።

የባሰብኝ ግን አንቺ ሰባት ዓመት ሲሆንሽ ነው። ትዝ ይልሻል? ወንዙ ዳር ዱላ ተክለሽ፣ ውሃው የደረሰበትን በምላጭ ትጭሪ ነበር። «አባዬ፣ ውሃ ሊመጣ ሲል በምን ታውቃለህ?» አልሽኝ። እኔ ውሃ የማውቀው ቦይለር ውስጥ ብቻ ነው። ግን አፌ አያርፍ፣ «ዝም ብለሽ ብዙ ካየሽው ራሱ ይነግርሻል» አልኩሽ። ሄደሽ አየሽው። ክረምቱን ሙሉ አየሽው። ከዚያ በሚቀጥለውም፣ ከዚያ በሚቀጥለውም። ይኸው ዛሬ ወንዝ የሚነግራት ሴት ሆነሻል። እኔ የዋሸሁትን አንቺ ተቀምጠሽ እውነት አደረግሽው። በዚህ እኮራለሁ፣ በዚህም አፍራለሁ፤ ሁለቱም አንድ ላይ ነው የሚመጡብኝ። የፈራሁት ደግሞ አንድ ነገር ነው፦ አባትሽ ምንም እንዳላየ ስትሰሚ በኔ ላይ ያለሽ ዓይን ይለወጥ ይሆን? ሌላው ሁሉ ግድ የለኝም። ይሄ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ቅዳሜ የመጽሐፉ ኮሚቴ ስብሰባ ነበረው፤ ኮትሽን ለብሼ፣ አንቺ የላክሽልኝን ግራጫውን ማለቴ ነው፣ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። መምህሩ አለ፣ አሮጌው ፀጉር አስተካካይ አለ፣ ባቡር የምንላትም አለች። ባቡርን ታውቂያታለሽ፣ በማሽኖቹ መሃል ስትመላለስ ማንም የማይደርስባት፣ የክር ክፍል ኃላፊ የነበረችው። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። አንሶላውን፣ ገመዱን፣ አንገቴን መድፋቴን።

ባቡር ሳቀች። «አንተ ሰውዬ፣ አዋላጇ እኮ አክስቴ ነበረች! እኛ በሦስተኛው ቀን ሰምተናል» አለች።

«እኔም ከባቡር ነው የሰማሁት» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ «ፀጉራቸውን የምቆርጣቸው ሁሉ ደግሞ ከኔ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይኸው ነው። እኔ ሠላሳ ስድስት ዓመት ስደብቅ፣ ከተማው ሠላሳ ስድስት ዓመት እኔን ሲደብቀኝ!

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?» ብዬ ተቆጣሁ።

«ምን እንበልህ? አላዳንከንም እንበልህ?» አለች ባቡር። ሳቋ ቆመ። «ሁለቱ ልጆቼ ታች ቤት ተኝተው ነበር። አንድ ሰው ደስ ብሎት ጮኸ፣ ልጆቼ ተረፉ። እኔ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?»

መምህሩ ምስኪን ወረቀቱን ይዞ ቀረ። «አባባ፣ መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው እኮ። እንዴት ብዬ ልጻፈው?» አለ። እንደሆነው ጻፈው አልኩት። ባቡር ግን «ቆይ» አለች። «ከተማው ካወቀ ቆይቷል። ያላወቀችው ልጁ ብቻ ናት። ከመጽሐፍ ከምታነበው መጀመሪያ ከአባቷ ትስማ።» እስከ ወር መጨረሻ ገጹ ይጠብቃል ተባባልን።

አዲሱን ገጽ አብሬ ልኬልሻለሁ። መምህሩ አሳምሮ ጽፎታል፤ «አምስት ሰዓት ላይ ሴት ልጅ ተወለደች» ብሎ ይጀምራል። ከተከፋሽብኝ ተከፊ፣ ግን ንገሪኝ። ካልተከፋሽ ደግሞ በአንድ ቃል «ይሁን» በይኝና ልፈርም። ብዕሩ አሁን ይጽፋል።

ወንዙን የሚያውቅ አባት የለሽም፣ ልጄ። ውሃው ሲመጣ ጀርባዬን ለወንዙ ሰጥቼ አንሶላሽን እያየሁ ነበር።

መንገድሽን ያቅናልሽ። የምትሠሪው ሁሉ ሰው ያትርፍ። የተመኘሽው ይድረስልሽ፣ ያልተመኘሽውም መልካም ነገር ይጨመርልሽ። ለበዓሉ ሥራሽን ትተሽ ነይ አልልሽም፤ እኛ ደህና ነን።

አባትሽ፣ ቦይለረኛው

———

እናትሽ ነኝ፤ ጥግ ላይ ቦታ ስለተረፈ ነው። ነይ አልልሽም ያለው ውሸት ነው፣ ይሄ ሰውዬ ሁለተኛ ውሸቱ መሆኑ ነው። ስልኩም መስመሩ አይደለም፣ ጆሮው ነው፤ በተለይ ከክረምት ወዲህ ጠርቼው አይሰማኝም፣ እንዳይከፋሽ ብሎ ነው የደበቀሽ። በር ብታንኳኪም አይሰማሽም። አክስትሽ ያን አንሶላ ለክሊኒኩ ሳትመልስ ቀርታ እኔ ዘንድ አለ፤ አጥቤ ተኩሼዋለሁ። የምትመጪበትን ቀን ብቻ ንገሪኝ፣ መስኮቱ ላይ አንጠለጥለዋለሁ። እሱን ያያል።