መኪናውን ሳትገዛ ይህን አንብብ

ትናንት እዚያ ሻጭ ፊት «ወንድሜ መካኒክ ነው፤ ዛሬ ግን ቅናት ይዞታል» አልክ። ሰውዬው ሲስቅ አብረኸው ሳቅህ። እሺ፣ ቅናተኛ ልሁን።

ዛሬ ጠዋት አንተ ሳትነሳ ተመልሼ ሄድኩ። ሻጩ አልነበረም፤ ዘበኛው አስገባኝ። የቆዳ ወንበሩን፣ የእንጨት ዳሽቦርዱን፣ ያፈዘዘህን ነገር ሁሉ ትቼ ከሥሩ ገብቼ ተኛሁ። መኪናው ወገቡ ላይ ተቆርጦ የተበየደ ነው። ከሁለት የተጋጩ መኪኖች አንድ ሠርተው ብየዳውን በጥቁር ቀለም ሸፍነውታል። በጥፍሬ ስፍቀው ተላጠ።

ፎቶ ልኬልሃለሁ። ካላመንክ የእጅ ባትሪዬ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ ይዘህ ሂድና አንተም ተኛበት። ሱሪህ ይቆሽሻል፣ ቻለው።

ድስቱ ውስጥ ምግብ አለ። በልተህ ስታበቃ እጠበው፤ የቤት ሠራተኛህ አይደለሁም።

እቤት ስንገባ «ያለ መኪና ማን ሰው ይልሃል» ያልኩህ ... ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ማለት አልነበረብኝም። ከዚህ በላይ አትጠብቅ።

ጋራዥ ነኝ፤ እንዳትደውልልኝ። ብትገዛውም የሚሰበረው አንገት የራስህ ነው፣ ምን አገባኝ።

እናታችንን ግን እዚያ መኪና ላይ አታሳፍራትም። ደውዬ ስለ ብየዳው አንድ በአንድ ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ «ልጄ ከነዳው እሳፈራለሁ» አለችኝ።

ይህን የጻፍኩት ለዚያ ነው።